የስልክ ቁልፍ ሲሞት፦ ማጽዳት፣ ያለ ቁልፍ መኖር፣ ፍሌክስ መቀየር ወይስ መበየድ?

የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ሁለቴ ካልተጫኑት አይሰማም፤ ከዚያ በጥፍር ጫፍ፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል ካልሆነ እሺ አይልም፤ በመጨረሻ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው መጥፋትና መብራት ይጀምራል። እዚህ የደረሰ ሰው ብዙ አማራጭ አለው። ቁልፉን ማጽዳት፣ በስክሪኑ ላይ ምትክ ማበጀት፣ ፍሌክሱን (ቁልፉን ከስልኩ ዋና ቦርድ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ኬብል) መቀየር፣ ስዊቹን ብቻ መበየድ፣ ፍሬሙን ከነቁልፉ መለወጥ ወይም ለባለሙያ መስጠት ይችላል። እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ብልሽት ትክክለኛ መልስ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ማባከኛ።

ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ የሞከርኩት በእህቴ አይፎን 6 ላይ ነበር። ፓወር በተኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር። አዲሱ ዕቃ ሲመጣ ሳየው ቁልፍ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ቀጭን ኬብል ላይ የካሜራው ፍላሽና ከጎኑ ያለው ማይክሮፎንም ተቀምጠዋል። ገጠምኩት፣ ቁልፉ ሠራ፣ ዘግቼ መለስኩላት። በማግሥቱ «ቪዲዮ ስቀርፅ ድምፅ የለውም» አለችኝ። ማይክሮፎኑ ያለበት የኬብሉ ጫፍ በቦታው ላይ በደንብ አልተቀመጠም ነበር፤ ስልኩን እንደገና መክፈት ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ለመቀየር ሳስብ ከሁሉ አስቀድሜ የማጣራው ከቁልፉ ጋር በአንድ ኬብል ላይ ምን ምን እንዳለና ቁልፉ ምን ያህል ጥልቅ ቦታ እንደተቀበረ ነው። ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የቁልፉ ዋጋ ከሁሉም ትንሹ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ይለይ

ቁልፍ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው በጣታችን የምንነካው የውጭው ክዳን ነው። ከሥሩ ስዊቹ አለ፤ በውስጡ ጎበጥ ያለች፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር እጅግ ያነሰች ስስ ብረት ተቀምጣለች። ስንጫናት ትሰረጉድና መሐል ያለውን ነጥብ ትነካለች፤ ስንለቃት በራሷ ጊዜ ወደ ጉብጠቷ ትመለሳለች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅና በጣታችን የሚሰማን ምት የእሷ ነው። ሦስተኛው፣ ምልክቱን ወደ ቦርዱ የሚወስደው እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ኬብል ነው፤ ፍሌክስ የምንለው።

ስለዚህ ጣታችን ጥሩ መመርመሪያ ነው። ቁልፉ እንደ ድሮው «ቀጭ» እያለ ስልኩ ምንም ካላደረገ ብረቷ ደህና ናት ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ፍሌክሱ፣ ቦርዱ ላይ ወደሚሰካበት ማገናኛ ወይም በመሐል ወደገባ ቆሻሻ ይሄዳል። ቁልፉ ልፍስፍስ ብሎ ምት ከጠፋ ብረቷ ተሰንጥቃለች ወይም ጉብጠቷን አጥታለች፤ ይህን ማጽዳት አይመልሰውም። ወደ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ከሆነ ክዳኑ ተጣብቋል፣ ወይም ስዊቹን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው ትንሽ ብረት ተጣሟል። በአንድ በኩል ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ከሆነም ብዙ ጊዜ ነገሩ ከክዳኑ ወይም ከዚያ መደገፊያ ብረት አያልፍም።

በራሱ የሚጫን ቁልፍ ሌላ መልክ ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ሰው የሶፍትዌር ችግር ይመስለዋል። ስልኩ አርማውን አሳይቶ ይጠፋል፣ እንደገና ያሳያል፣ ይጠፋል፤ ፓወር በተኑ ተጭኖ ስለቀረ ስልኩ በግድ ሪስታርት እየተደረገ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፅ መቀነሻው ተጭኖ ከቀረ ስልኩ ሲነሣ ወደ ሴፍ ሞድ (ራሳችን የጫንናቸው አፖች ወደማይሠሩበት ሁኔታ) ይገባል። የማብሪያው ቁልፍ በተደጋጋሚ ሲጫን ወደ ድንገተኛ አደጋ መስመር የሚደውል ስልክም አለ፤ እንዲህ ያለ ስልክ ቁልፉ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ያንን አገልግሎት ከሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይበጃል።

ሌላው ሁሉ ከመሞከሩ በፊት ከቨሩ ይውለቅ። ጠንካራ ወይም ትንሽ የተጣመመ ከቨር ቁልፉን ተጭኖ ይይዘዋል፤ ከቨሩ ወልቆ «ተበላሸ» የተባለው ቁልፍ ሲሠራ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ሳምሰንግ ከሆነ በመደወያው ላይ *#0*# ሲጻፍ ብዙ ሞዴሎች ላይ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ቁልፎቹን እየተጫናችሁ ስልኩ ይሰማ እንደሆነ ታያላችሁ። በተጨማሪ የስልኩን ጎንና ጀርባ በዓይን ደረጃ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ስክሪኑ ከፍሬሙ ተነሥቶ ወይም ጀርባው አብጦ ከታየ ቁልፉን የሚገፋው ያበጠ ባትሪ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቅር፤ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ማጽዳት፦ ሳይከፈት የሚሞከረው

ለስላሳ መጠጥ ለፈሰሰበት፣ በኪስ ውስጥ ብናኝ ለሞላው፣ በላብ ለተጣበቀ ቁልፍ ማጽዳት ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው። ስልኩ ይጥፋ። ንጽሕናው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያስፈልጋል፤ 99 ከተገኘ ይመረጣል፣ ምክንያቱም የቀረው መቶኛ ውኃ ነው። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፤ የሚያወፍረው ነገር እዚያው ደርቆ ይበልጥ ያጣብቃል። ሽቶም አይሆንም። ደብሊውዲ-40 ዓይነት ዘይትነት ያለው ቅባትም አይሆንም፤ ለጊዜው ቁልፉን ያላውሰውና ብናኝ ይሰበስብበታል።

የቁልፉ ጎን ወደ ታች እንዲሆን ስልኩን ያዙትና በአልኮል የራሰ ለስላሳ ብሩሽ በክዳኑ ዙሪያ አሂዱበት። ሊንጠባጠብ አይገባም፣ እርጥበቱ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ቁልፉን አርባ ሃምሳ ጊዜ ተጫኑት፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ገፋ ገፋ አድርጉት። ጠርጉት፣ ድገሙት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት። መጀመሪያ የሚወጣው ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ብናኝና ቅባት። እሱ መውጣቱ ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ነው።

መርፌ አታስገቡ፤ በቁልፉ አካባቢ ያለ ትንሽ ቀዳዳ የማይክሮፎን ሊሆን ይችላል። በኃይለኛ የታመቀ አየርም አትንፉት፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

የእኔ ገደብ ሁለት ሙከራ ነው። በሁለተኛው ለውጥ ካላመጣ ሦስተኛውና አራተኛው አያመጡም፤ በዚያ ላይ አልኮሉ እየደጋገመ ሲገባ ክዳኑንና ስክሪኑን የያዘውን ሙጫ ያላላል። ጨው ያለበት ውኃ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ ከውጭ ማጽዳት ዝገቱን አያቆመውም፤ ተከፍቶ ማገናኛዎቹ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

ያለ ቁልፉ መኖር

ይህን እንደ ሰነፍ ሰው መፍትሔ የሚያዩት አሉ። ለድምፅ ቁልፎች ግን ሙሉ በሙሉ አስተዋይ ምርጫ ነው፤ ስልኩ አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የምመርጠው ነው። አይፎን ላይ አሲስቲቭ ታች የሚባለው ተንሳፋፊ ክብ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአይኦኤስ 5 ጋር የመጣ ነው፤ ስክሪን መቆለፍ፣ ድምፅ መጨመርና መቀነስ፣ ስክሪንሾት ማንሣት፣ ሪስታርት ማድረግ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አይፎን 8ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ጀርባቸው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲመታ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይፈጽማሉ። አንድሮይድ ከ9ኛው ጀምሮ በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሜኑ አለው። ስክሪኑን ሁለቴ በመንካት ማብራትም ብዙ ስልክ ላይ አለ።

ለፓወር በተን ሲሆን ግን ሐሳቤ ይለወጣል። ስልኩ እስካልጠፋ ድረስ ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ባትሪው አልቆ የጠፋ ዕለት ምን ይሆናል? አይፎን ከጠፋበት ቻርጀር ሲሰካበት በራሱ ይነሣል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ግን ሲሰኩ የባትሪ ሥዕል አሳይተው ዝም ይላሉ፤ ለመነሣት ያንኑ የሞተ ቁልፍ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ስልክ በተወሰነ ሰዓት በራሱ እንዲበራ የሚያደርግ ሴቲንግ አለው፤ ያላችሁ ዛሬውኑ ሙሉት። ስልኩ ገና ሲሠራ ዩኤስቢ ደበጊንግ (ስልኩ ከኮምፒውተር ትእዛዝ እንዲቀበል የሚፈቅደውን ሴቲንግ) የከፈተ ሰው ከኮምፒውተር ኤዲቢ በሚባለው ፕሮግራም ትእዛዝ ሪስታርት ሊያደርገው ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ለጠፋ ስልክ ግን ይህ አይደርስለትም። የድምፅ ቁልፍ የሌለው አንድሮይድም ቢሆን ሲስተሙ የተበላሸ ዕለት ሪከቨሪ (ሲስተሙ ሲበላሽ የሚስተካከልበት ሜኑ) ውስጥ መግባት ይቸግረዋል፤ ወደዚያ የሚያስገባው የቁልፎች ጥምረት ስለሆነ።

ስለዚህ ለማብሪያ ቁልፍ ይህ አማራጭ ዕቃው እስኪደርስ መቆያ ነው። የምትከተሉት መንገድ የትኛውም ቢሆን ግን ቁልፉ መንገዳገድ በጀመረበት ዕለት ይህን አዘጋጁ፣ በዚያው ቀን ፎቶና መረጃችሁን ገልብጡ። ስልኩ አልነሣ ካለ በኋላ ሁለቱም አይቻሉም።

ፍሌክሱን መቀየር

ቤት ውስጥ የሚቀየር ቁልፍ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ስዊቹና ኬብሉ አንድ ላይ ተሠርተው ይመጣሉ፤ ብየዳ የለውም፣ አሮጌው ይነቀላል፣ አዲሱ ይሰካል። ሥራው ራሱ ቀላል ነው። የሚከብደው እዚያ ድረስ መድረሱ ነው።

ዕቃውን ከማዘዝ በፊት የስልኩን ትክክለኛ ሞዴል ቁጥር ከሴቲንግ ውስጥ አውጡ፤ አይፎን ላይ «ኤ» ብሎ በሚጀምረው፣ ሳምሰንግ ላይ «ኤስኤም» ብሎ በሚጀምረው ቁጥር እመኑ። በአንድ የገበያ ስም የሚሸጡ ሁለት ስልኮች ፍሌክሳቸው ሊለያይ ይችላል። ከዚያ የዕቃውን ፎቶ አይታችሁ ምን ምን እንደተሸከመ ቁጠሩ። አይፎን 8 ላይ ለምሳሌ የድምፅ ቁልፎቹ ኬብል ከገመድ አልባው ቻርጅ መቀበያ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ ድምፅ መጨመሪያውን ለማስተካከል የገባ ሰው ገመድ አልባ ቻርጁን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ዕቃው በሦስት ዓይነት ይገኛል። ከሌላ ስልክ የተነቀለ ኦሪጅናል አለ፤ የቁልፉ ምት እንደ ፋብሪካው ነው፤ ዕድሜው ግን አይታወቅም፤ ፍሌክስ ደግሞ ሲነቀል የሚጎዳ ነገር ነው። በሌላ ፋብሪካ የተሠራ አዲስ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ምቱ ጠንከር ወይም ላላ ሊል ይችላል፤ አብረውት የሚመጡት ማይክሮፎንና ፍላሽም ከኦሪጅናሉ ሊያንሱ ይችላሉ። ሦስተኛው ፍሌክሱ ከነትናንሽ መደገፊያ ብረቶቹ ተገጥሞ የሚሸጠው ነው። ለጀማሪ ያለ ማወላወል ይህን እመክራለሁ። እነዚያ ብረቶች ከአሮጌው ተፈልቅቀው፣ ሳይጣመሙ፣ በአዲሱ ላይ በትክክለኛው ቦታ መለጠፍ አለባቸው፤ አንዷ ግማሽ ሚሊሜትር ብትዞር ቁልፉ ወይ አይሰማም ወይ ተጭኖ ይቀራል። አዲስ ቀይረው «ይሄም ተበላሸ» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ነው።

ለመክፈት የሚያስፈልገው እንደ ስልኩ ነው። አይፎኖች ከታች በኩል ባለ አምስት ጥርስ፣ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ የፔንታሎብ ካካቪቴ ይጠይቃሉ፤ ከአይፎን 7 ጀምሮ በውስጥ ባለ ሦስት ጥርሱ ዋይ000ም ይጨመራል። አብዛኛው አንድሮይድ ተራ ትንሽ የመስቀል ካካቪቴ ይበቃዋል፤ ጀርባው ግን በሙጫ የተለጠፈ መስታወት ከሆነ መሞቅ አለበት። ሙቀቱ እጅ ለአፍታ የሚችለው እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ ባትሪው እዚያው ሥር ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ባትሪው ከ25 በመቶ በታች ይውረድ፤ በስህተት ቢወጋ፣ ቻርጁ የሞላ ባትሪ የሚያደርሰው አደጋ የባሰ ነው። በባትሪው አካባቢ የብረት መፈልቀቂያ አይግባ።

ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ማገናኛ መንቀል ነው። ሁለተኛው ብሎኖቹን መመደብ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አይፎን ላይ በአጭሩ ቀዳዳ ረጅሙ ብሎን ከገባ በቦርዱ ውስጥ የሚያልፉትን መስመሮች ቆርጦ ይወጣል። ቁልፍ ሊቀየር የገባ ስልክ ያለ ስክሪን ወይም ያለ ካሜራ የሚወጣው አንዳንዴ በዚህ ነው።

አሮጌው ፍሌክስ ከፍሬሙ ግድግዳ ጋር በሙጫ ተለጥፏል። በወረንጦ አትጎትቱት፤ አንድ ሁለት ጠብታ አልኮል ከሥሩ አስገቡና ለደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ከጫፍ ጀምሮ አንሡት። መልቲሜትር ያለው ሰው እዚህ ላይ ጥርጣሬውን ማረጋገጥ ይችላል፤ መሣሪያውን ጢጥ በሚለው መለኪያ ላይ አድርጎ ሁለቱን መንኪያዎች በስዊቹ ሁለት እግሮች ላይ ያሳርፋል፣ ቁልፉን ይጫናል። ሲጫን ብቻ ጢጥ ካለ ስዊቹ ደህና ነው፤ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከማገናኛው ነው። ሳይጫን ጢጥ ካለ ስልኩ በራሱ ሲጠፋ የነበረበት ምክንያት ተገኘ።

የውጭው ክዳን ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነው። ከውስጥ በኩል ከክብሪት ራስ ያነሱ ሁለት ጥርሶች ወይም አንዲት ቀጭን ዘንግ ይይዙታል። ፍሌክሱ ሲነሣ ክዳኑ ድንገት ከውጭ ወድቆ ሊጠፋ ስለሚችል በነጭ ጨርቅ ላይ ሥሩ። ሲመለስም በየት በኩል እንደነበር ካላያችሁ ተገልብጦ ይገባና ቁልፉ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡት።

ውኃ የማይገባባቸው ስልኮች ላይ የሚከፈል ዋጋ አለ። አይፒ67 የሚባለው ደረጃ ስልኩ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየቱን የሚያመለክት ነው፤ ያንን ያስቻለው ግን ሳይነካ የነበረው የፋብሪካ ሙጫና በቁልፎቹ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው። ከተከፈተ በኋላ ለዚያ ሞዴል የተቆረጠ አዲስ የሙጫ ቅርጽ ቢለጠፍም የቀድሞውን ደረጃ ማረጋገጥ ቤት ውስጥ አይቻልም። ተከፍቶ የተዘጋን ስልክ ከውኃ አርቁት።

የጣት አሻራ ያለበት ቁልፍ

እዚህ ላይ ምርጫው ከመዶሻና ካካቪቴ ጉዳይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 አይፎን 5ኤስ የጣት አሻራ ማንበቢያውን ሆም በተኑ ውስጥ ሲያስገባ ቁልፉ ከራሱ ስልክ ቦርድ ጋር በምስጢር ተጣመረ። ሌላ ሆም በተን፣ ኦሪጅናል እንኳ ቢሆን፣ ቢገጠም ስልኩ የጣት አሻራውን አያምነውም። በአይፎን 5ኤስና 6 ላይ አዲሱ ቁልፍ ቢያንስ ተጭኖ ወደ ሆም ይመልሳል። አይፎን 7ና 8 ላይ ግን ቁልፉ እውነተኛ ስዊች የለውም፤ የሚሰማን ምት ከውስጥ ያለው ነዛሪ ሞተር የሚሠራው ነው፤ ከሌላ ስልክ የመጣ ቁልፍ ሲገጠምለት ወደ ሆም መመለሱንም ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ስህተት 53» እየተባለ ብዙ የተወራለት ነገርም ከዚሁ የመጣ ነበር፤ ሆም በተናቸው ተቀይሮ የነበሩ አይፎኖች ሶፍትዌር ሲታደስላቸው አልነሣ አሉ፤ አፕል በዚያው ዓመት ማስተካከያ አወጣለት።

እንዲህ ላለ ስልክ በቤት ውስጥ ያለው አስተዋይ ምርጫ የራሱን ቁልፍ ማዳን ነው። ማገናኛውን ነቅሎ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ መልሶ መሰካት። ስክሪን ስትቀይሩም አሮጌውን ሆም በተን ወደ አዲሱ ስክሪን ማዛወር እንጂ አብሮ የመጣውን መጠቀም አይገባም፤ ሲነቀል ኬብሉ ከተቀደደ የጣት አሻራው ተሰናበተ ማለት ነው። ካልዳነ አሲስቲቭ ታች ላይ ኑሩበት።

የጣት አሻራው በጎን ማብሪያ ቁልፍ ላይ ያለ አንድሮይድ፣ ለምሳሌ እንደ 2019ኙ ጋላክሲ ኤስ10ኢ፣ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። በአንዱ አዲሱን ገጥሞ አሻራን እንደገና መመዝገብ ይበቃል፤ በሌላው የአምራቹ ሶፍትዌር ካላስተዋወቃቸው ቁልፉ ይጫናል፣ አሻራው አይሠራም። ዕቃ ከማዘዝ በፊት በዚያው ሞዴል ላይ የቀየረ ሰው ምን እንደገጠመው መጠየቅ ግድ ነው።

ስዊቹን ብቻ መበየድ

አንዳንድ ስልኮች ላይ ስዊቹ በፍሌክስ አይመጣም፤ በቀጥታ ዋናው ቦርድ ላይ ተበይዷል። ወይም ለዚያ ሞዴል ፍሌክስ አይገኝም። ያኔ የሚቀረው አሮጌውን ስዊች አንሥቶ ልኩ የሆነ አዲስ፣ ወይም ከሞተ ስልክ የተነሣ መበየድ ነው። ዕቃው ከሁሉም ርካሽ ነው፤ እጅ ግን የለመደ መሆን አለበት። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት እርሳስ የሌለው መበየጃ በ217 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ እርሳስ ያለበት የቆየው ዓይነት ደግሞ በ183። ልምድ ያላቸው ሰዎች አሮጌው ላይ ጥቂት የእርሳሱን ዓይነት ጨምረው የሚያነሡት ለዚህ ነው፤ በትንሽ ሙቀት ይለቃል። ሙቀቱ ከበዛ የስዊቹ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ወይም እግሩ የሚያርፍበት የመዳብ ነጥብ ከቦርዱ ተገንጥሎ ይመጣል። የመዳብ ነጥቡ ከተነሣ ነገሩ ከቁልፍ ጥገና ወደ ቦርድ ጥገና ያድጋል።

ከዚህ በፊት ስልክ መጠን ያለው ነገር በይዶ የማያውቅ ሰው በሚጠቀምበት ስልክ ላይ እንዲጀምር አልመክርም። በሞተ ቦርድ ላይ አሥር ስዊች አንሥቶ መልሶ ከተከለ በኋላ ይምጣ። የሚችል ሰው ግን ሌላ ኬብል ሳይጠብቅ፣ አብረው ያሉትን ማይክሮፎንና ፍላሽ ሳይነካ ይጨርሳል፤ ከፍሌክስ መቀየር የሚበልጠው በዚህ ነው።

ፍሬሙን ከነቁልፉ

ስልኩ ወድቆ የጎኑ ብረት በቁልፉ ቦታ ላይ ከተሰረጎደ ፍሌክስ መቀየር ዋጋ የለውም፤ አዲሱም እዚያው ይጨቆናል። ጥቂት ከሆነ ጠርዙን ማቅናት ይሞከራል። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ፍሬም መለወጥ ማለት ቦርዱን፣ ካሜራውን፣ ባትሪውን፣ ስፒከሩን ሁሉ ወደ አዲስ ቤት ማዛወር ነው፤ ለቁልፍ ሲባል ብቻ አላደርገውም። ስክሪኑም ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ስክሪኑ ከፍሬሙ ጋር፣ አንዳንዴም ከቁልፎቹ ጋር ተገጥሞ ይሸጣልና በአንድ መክፈት ሁለቱም ያልቃሉ።

ለባለሙያ መስጠት

ስልኩ ዋስትና ላይ ካለ ካካቪቴ አታንሡ። የታወቀ የፋብሪካ ችግርም ሊሆን ይችላል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ለተወሰኑ አይፎን 5 ስልኮች የማብሪያ ቁልፉን በነፃ የሚቀይርበት ፕሮግራም ነበረው። ባትሪው ካበጠ፣ ቁልፉ በቦርዱ ሥር ተቀብሮ ከሆነ፣ ወይም ስልኩ ውስጥ ያልተገለበጠ መረጃ ካለና ስልኩ አልነሣ ካለ ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ ተገቢ ነው። ሲሰጡት ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ የሚገባው ዕቃ ኦሪጅናል ነው ወይስ ሌላ፣ እና ሲዘጋ አዲስ ሙጫ ይለጠፋል ወይ። በብየዳ የማይሆን፣ በፍሌክስ የሚቀየር፣ ጀርባው በቀላሉ የሚከፈት አንድሮይድ ከሆነ ግን ግማሽ ቀን ያለው ትዕግሥተኛ ሰው ራሱ ይሠራዋል ብዬ አምናለሁ።

ከመዘጋቱ በፊት

ሁሉም ከተሰካ በኋላ ሙጫውን ሳትለጥፉ፣ ብሎኖቹን በሙሉ ሳታጠብቁ ባትሪውን አገናኙና ስልኩን አብሩት። እያንዳንዱን ቁልፍ ሃምሳ ጊዜ ተጫኑ፤ ከመሐል፣ ከላይኛው ጠርዝ፣ ከታችኛው ጠርዝ። የማብሪያውን ተጭናችሁ ያዙና ሜኑው መምጣቱን፣ ስትለቁት መለቀቁን እዩ። ከዚያ ፍላሹን አብሩ፤ በኋላው ካሜራ አጭር ቪዲዮ ቅረፁና ድምፁን ስሙ፤ በፊተኛውም ድገሙት። ድምፅ ማጥፊያ ማንሸራተቻ ያለው ከሆነ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። ገመድ አልባ ቻርጅ የሚቀበል ከሆነ አስቀምጡበት። የእህቴን ስልክ ሁለተኛ ጊዜ ስከፍተው የማይክሮፎኑን ጫፍ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ጫን ሳደርገው ትንሽ «ጠቅ» ብሎ ነበር ቦታው ላይ የተቀመጠው፤ ያችን ድምፅ ሳልሰማ ሙጫ አልለጥፍም።